መቼ ነው የምንወጣው?

ስለ ተፈጥሮ አደጋ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀኝም። ሰው ማስጠንቀቂያ እየሰማ ለምን አይወጣም?

መልሱ «ስላልገባው ነው» ቢሆን ቀላል ነበር። ግን ከአደጋ የተረፉ ሰዎች የተናገሩትን ሳነብ ደጋግሜ የማገኘው ሌላ ነገር ነው። ምልክቱን አይተዋል። ድምፁን ሰምተዋል። ያንን ምልክት ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ግን ቀድመው አልወሰኑም። ስለዚህ መጀመሪያ ጎረቤት ምን እያደረገ እንደሆነ በመስኮት አዩ። ቀጥሎ ለዘመድ ደወሉ። ከዚያ ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። በዚህ መሀል ጊዜው አለቀ። አደጋን የሚያጠኑ ሰዎች ይህንን በየአገሩ አይተውታል። ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ወዲያው አይነሳም። ከሌላ ቦታ ማረጋገጫ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ባሕርያችን ነውና ይህንን መለወጥ ይከብዳል። ውሳኔውን ረጋ ባለ ቀን፣ ቁጭ ብለን፣ አስቀድመን መጨረስ ግን እንችላለን። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ የአርሜሮ ታሪክ ነው። አርሜሮ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ኔቫዶ ዴል ሩይዝ ከሚባል አናቱ በበረዶ ከተሸፈነ እሳተ ገሞራ በሚወርድ ወንዝ ዳር የነበረች ከተማ ናት። በ1985 ተራራው አንድ ዓመት ያህል ሲያጉረመርም ቆይቶ ነበር። ባለሙያዎች ጭቃ ሊወርድባቸው የሚችሉ አካባቢዎችን የሚያሳይ ካርታ ሠርተዋል። አርሜሮ ካርታው ላይ አደጋው ውስጥ ነበረች። እንዲያውም ከተማዋ የተሠራችው በ1845 ወርዶ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው የገደለ ጭቃ በደረቀበት መሬት ላይ ነው።

ኖቬምበር 13 ከሰዓት በኋላ አመድ መዝነብ ጀመረ። ሕዝቡ ግራ ተጋባ። ተረጋጉ፣ ከቤታችሁ አትውጡ ተባለ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተራራው ፈነዳ። ትኩሱ ነገር በረዶውን አቀለጠው። ውሃው አፈርና ቋጥኝ እየጠረገ በወንዙ ሸለቆ ቁልቁል ወረደ። አርሜሮ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ወሰደበት። ሁለት ሰዓት ተኩል! ከፍ ያለ መሬት ደግሞ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነበር። ከ20,000 በላይ ሰው አለቀ።

ካርታው ነበረ። ምልክቱ ነበረ። ጊዜውም ነበረ። የጎደለው «አመድ ከዘነበ ኮረብታው ላይ እንወጣለን» የሚል፣ ሁሉም የሚያውቀው ስምምነት ነው። ይህን ስል ሟቾቹን መውቀሴ አይደለም። ያንን ስምምነት ማስተማርና ማለማመድ የነበረባቸው ካርታውን በእጃቸው የያዙት ናቸው።

ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ፊሊፒንስ ላይ ፒናቱቦ የሚባል ተራራ ማጨስ ጀመረ። የአርሜሮ ነገር ከባለሙያዎቹ ልብ አልወጣም ነበር። በዚህኛው ጊዜ አምስት የማስጠንቀቂያ ደረጃ አወጡ። ለባለሥልጣናትና ለነዋሪዎች ትኩስ አመድና ጭቃ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳዩ። ሰው ያየውን ያምናል። ጁን 15 ቀን 1991 ተራራው ሲፈነዳ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከታዩት ትልልቅ ፍንዳታዎች አንዱ ሆነ። በዙሪያው ከነበሩት ግን አሥር ሺዎች ቀድመው ወጥተዋል። በዚያው ቀን አውሎ ነፋስ ዝናብ ይዞ መጥቶ አመዱን አረጠበው፤ በእርጥብ አመድ ክብደት ጣሪያ ተደርምሶባቸው የሞቱ አሉ። የሞቱት በመቶዎች ነው የሚቆጠሩት። ሕዝቡ ባይወጣ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል አርሜሮ አሳይቶናል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም አደጋ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሰጥም። የመሬት መንቀጥቀጥ ጨርሶ አይሰጥም ማለት ይቻላል። አንዳንድ አገሮች ፈጣኑን የመጀመሪያ ሞገድ በመሣሪያ ይዘው፣ ጎጂው ሞገድ ከመድረሱ በፊት ጥቂት ሰከንዶች የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ይልካሉ። ጥቂት ሰከንድ ለመወያየት አይበቃም። ስለዚህ ለመንቀጥቀጥ የሚወሰነው ውሳኔ ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በፊት፣ ቤቱ ሲሠራ የሚወሰን ነው።

በ2010 ጃንዋሪ ሄይቲ ላይ በመጠን መለኪያው 7.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በቀጣዩ ወር ቺሊ ላይ 8.8 ሆነ። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ከፍ ሲል የሚወጣው ጉልበት 32 ጊዜ ያህል ይጨምራል። ሲሰላ የቺሊው የሄይቲውን 500 ጊዜ ያህል ያክላል። የሄይቲ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር ከ200,000 በላይ አድርሶታል። ቺሊ የሞተው ሰው ግን 500 ገደማ ነው። የሄይቲው መንቀጥቀጥ ጥልቀት የሌለውና ለዋና ከተማዋ የቀረበ ነበር፤ ይህ መዘንጋት የለበትም። ትልቁ ልዩነት ግን ሕንፃው ነው። ቺሊ በ1960 በታሪክ ከተለኩት ሁሉ የሚበልጠውን 9.5 መንቀጥቀጥ አይታለች። ከዚያ ተምራ የግንባታ ሕግ አጠበቀች፤ ሕጉንም አስከበረች። እንግዲህ ብረት ከሲሚንቶ የሚሰርቅ ኮንትራክተርና አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ተቆጣጣሪ ሰው ገዳዮች ናቸው። ይህንን ለስለስ አድርጌ መጻፍ አልፈልግም።

ቤቱ አንዴ ከተሠራ በኋላ ለኛ የሚቀረን ትንሽ ነው፤ ትንሹ ግን ዋጋ አለው። መሬቱ ሲናወጥ ዝቅ ማለት፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባት፣ የጠረጴዛውን እግር ይዞ መቆየት። በደረጃ እየሮጡ መውረድ፣ በመስኮት መዝለል፣ ሊፍት መግባት አይሆንም። ከባዱን ቁም ሳጥን ከግድግዳው ጋር ማሰር። ከአልጋ ራስጌ በላይ ከባድ ነገር አለመስቀል። አልጋ ሥር ደግሞ ጫማና የእጅ ባትሪ ማስቀመጥ። ጫማው ተራ ነገር ይመስላል። መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ወለሉ ሁሉ የመስኮት ስብርባሪ ሆኖ፣ ሕፃን አቅፎ በባዶ እግር ለመውጣት የሚሞክርን ሰው አስቡት። መናወጡ ሲቆም የሚነድ ምድጃና ጋዝ ማጥፋትም የዚሁ አካል ነው። በ1923 ቶኪዮና አካባቢዋ የተናወጡት እኩለ ቀን ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በየቤቱ ምሳ እየተሠራ ነበር። በዚያ አደጋ ከ100,000 በላይ ሰው ሲሞት አብዛኛውን የጨረሰው እሳቱ ነው።

ጃፓንን ካነሳሁ አይቀር ስለ ሁለት ትምህርት ቤቶች ላንሳ። ለኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ጋ ነው።

ማርች 11 ቀን 2011 ባሕር ውስጥ በተነሳው 9.0 መንቀጥቀጥ ሱናሚ መጣ። ኦካዋ የሚባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ወንዝ ዳር ነበር። ከመንቀጥቀጡ እስከ ማዕበሉ 50 ደቂቃ ገደማ ነበራቸው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ አለ። ልጆቹ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ቆሙ፤ መምህራኑ ወዴት እንሂድ እያሉ ተከራከሩ። የትምህርት ቤቱ መመሪያ ሱናሚ ቢመጣ የሚኬድበትን ቦታ በስም አልጠራም፤ «በአቅራቢያ ያለ ባዶ ቦታ ወይም መናፈሻ» ብሎ አልፎታል። በመጨረሻ ሲንቀሳቀሱ ማዕበሉ መንገድ ላይ አገኛቸው። 74 ልጆችና 10 መምህራንና ሠራተኞች ሞቱ። ይህንን ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደዚያ መመሪያ ነው። የኮረብታው ስም ተጽፎ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። መምህራኑ ልጆቹን ይወዱ ነበር። ፍቅር አላነሳቸውም፤ ጥያቄው ሳይመለስ ነው የቆየው።

ካማይሺ በምትባለው ከተማ ደግሞ በዚያው ቀን የሆነው ሌላ ነው። እዚያ ተማሪዎች ለዓመታት ተለማምደዋል። ካርታው የሚለውን ብቻ አትመኑ፣ አቅማችሁ የፈቀደውን ሁሉ አድርጉ፣ ቀድማችሁ ሩጡ ተብለዋል። መሬቱ እንደተናወጠ ታላላቆቹ ተማሪዎች ትእዛዝ ሳይጠብቁ ሮጡ። ጎን ያለው ትምህርት ቤት ታናናሾች እነሱን አይተው ተከተሉ። መጀመሪያ የተባለላቸው ቦታ ሲደርሱ በቂ እንዳልሆነ ገባቸው፤ ወደ ላይ ቀጠሉ። በከተማዋ ሦስት ሺህ ከሚጠጉት ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተረፉ። ቀድሞ የሚሮጥ ልጅ ሌላውንም ያድናል። ሁሉም ጎረቤቱን የሚያይ ከሆነ አንዱ መጀመር አለበት፤ የሚጀምረውም ቀድሞ የወሰነው ነው።

ለዚህ የግድ ትልቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። ሲሜሉዌ የምትባል የኢንዶኔዥያ ደሴት በ1907 ሱናሚ ፈጅቷት ነበር። አያቶች ያዩትን ለልጅ ልጆቻቸው በተረትና በእንጉርጉሮ ነገሩ፦ መሬት በኃይል ተናውጦ ባሕሩ ከሸሸ ወደ ኮረብታ ሩጡ። በ2004 ዲሴምበር ያ ቀን መጣ። ደሴቲቱ ለመንቀጥቀጡ መነሻ ቅርብ ከሆኑት ቦታዎች አንዷ ነበረች፤ ማዕበሉም በደቂቃዎች ደረሰ። ሳይረን አልነበረም። ወደ 78,000 ከሚጠጋው ነዋሪ የሞተው ሰባት ሰው ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ግን ወደ 230,000 ሰው አለቀ፤ ማዕበሉ ለሰዓታት ተጉዞ የደረሰባቸው አገሮች ጭምር፣ እስከ ሶማሊያ ድረስ። በዚያ ውቅያኖስ ላይ ያኔ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረም። አሁን አለ።

«ማወቅስ እናውቃለን፤ መውጣቱ ነው የሚከብደው» የሚል ሰው እውነቱን ነው። ሰው የማይወጣበት ምክንያት አለው። ያንን ምክንያት በቅንነት የሰማች አገር ባንግላዲሽ ናት ብዬ አስባለሁ።

በ1970 የመታት ሳይክሎን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ቢያንስ 300,000 ሰው ጨረሰ። በ1972 የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ተቋቋመ። በ1991 ሌላ ሳይክሎን 138,000 ያህል ሰው ገደለ። ማስጠንቀቂያ ተነግሮ ነበር። ሰዎች ለምን እንዳልወጡ ሲጠየቁ መልሳቸው ግልጽ ነበር። ቤቱ ይዘረፋል። ከብቶቹን ትቶ መሄድ ማለት ኑሮን ትቶ መሄድ ነው። መጠለያው ሩቅ ነው። ሴቶች ደግሞ ከወንዶች በብዙ እጥፍ ነው የሞቱት። ባል ሳይመጣ ልጆች ይዘው መውጣት ከበዳቸው፤ መጠለያውም ለብቻቸው የሚሆን ክፍልና መጸዳጃ ያልነበረው፣ በወንዶች የተጨናነቀ ነበር።

ቀስ በቀስ መልሱ በየምክንያቱ ልክ ተሰፋ። መጠለያዎች ወደ መንደሩ ቀረቡ። የሴቶች ክፍልና መጸዳጃ ተጨመረ። ለከብቶች ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ተሠራ። በጎ ፈቃደኞቹ አሁን ከ70,000 በላይ ናቸው፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ባንዲራና ድምፅ ማጉያ ይዘው በር በር ያንኳኳሉ። በ2007 ሲድር የሚባለው ኃይለኛ ሳይክሎን ሲመጣ ከ3,000 በላይ ሰው ሞተ። በ2020 አምፋን ሲመጣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወጣ፤ የሞቱት በአሥሮች ነበር የሚቆጠሩት። ሳተላይቱና ትንበያው ትልቅ ድርሻ አላቸው። ለኔ ግን ትልቁ ነገር አንድ ሰው ገበሬውን «ላምህስ ምን ትሁን?» ብሎ መጠየቁ ነው።

ጎርፍ ላይ የሚያታልለን ደግሞ ዓይናችን ነው። ቁርጭምጭሚትን እምብዛም የማያልፍ፣ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትሩ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ከሥሩ መንገዱ ይኑር ይቦርቦር አይታይም። «በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» ሲባል ብዙ ሰው «አንዴ መጥቷል፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አይደገምም» ብሎ ይረጋጋል። ስሌቱ ግን በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ነው የሚለው። በዚያ ቦታ 30 ዓመት የሚኖር ሰው ጎርፉን የማየት ዕድሉ ከአራት አንድ ይበልጣል።

የመሬት መንሸራተት በምልክቱ ይለያል። መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ማዘንበል የጀመሩ ዛፎች፣ ድንገት የደፈረሰ ወይም የቆመ ምንጭ፣ አልዘጋም ያለ በር። ከረጅም ዝናብ ጋር እነዚህን ያየ ሰው ሌሊቱን እዚያ ማደር የለበትም። ሌላው ነገር ናዳ አንዴ መጥቶ ላይበቃው መቻሉ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. (ይሄኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መጀመሪያ የወረደው ናዳ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ሕዝቡ ለማዳን ሮጠ። ሁለተኛው ናዳ የወረደው ሰዎቹ እየቆፈሩ ሳለ ነው። ከ200 በላይ ሰው አጣን። ከሞቱት ብዙዎቹ ለጎረቤት የደረሱ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱን ደግነት ማንም ተው ሊለው አይችልም፤ አይገባምም። ግን ከሚቆፍሩት መሀል አንድ ሰው ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ እንዲጠብቅ፣ አፈር ሲንቀሳቀስ ካየ እንዲጮህ መስማማት ይቻላል። ዝናቡ ካላቆመ ደግሞ ያ ስምምነት ከዶማው እኩል ያስፈልጋል።

ሙቀትን ብዙ ሰው ከአደጋ አይቆጥረውም። በ2003 አውሮፓ ላይ የወረደው ሙቀት ከ70,000 በላይ ሰው ገድሏል። ብዙዎቹ ለብቻቸው የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። የሚያስፈልገው ዝግጅት ቀን ቀን የሚጎበኛቸው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ እኛም ቤት የጀመርነው ከትንሹ ነው። የምንገናኝበት ቦታ ለየን፤ አንዱ ከቤቱ አጠገብ፣ ሌላው ሠፈሩ ቢዘጋ ራቅ ብሎ። ሌላ ከተማ ያለች እህቴ የሁላችንም መልእክት ተቀባይ ሆነች። መስመር ሲጨናነቅ ስልክ ባይሠራም የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሯን ልጆቹ ወረቀት ላይ ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ አስቀምጠዋል፤ ባትሪ ሲያልቅ ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር አይጠቅምም። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ውሃ፣ ለሦስት ቀን። ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ጨረስነው።

እናቴ ጋ ያለው ጉዳይ ግን ጊዜ ወሰደ። የምትኖረው ወንዝ አጠገብ፣ ለብቻዋ ነው።

«እማዬ፣ መቼ ነው የምትወጪው?» አልኳት።

«ውሃው ሲመጣ አየዋለሁ። ያኔ እወጣለሁ።»

«ሌሊት ቢመጣስ?»

ዝም አለች። ቀጥላ ያለችው ግን እውነት አለው። «በየክረምቱ ማስጠንቀቂያ ይላካል። ሁልጊዜ ልሰደድ?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ትንበያ ይስታል። ሁለት ሦስቴ በከንቱ የወጣ ሰው በአራተኛው ይቀመጣል። ስለዚህ ምልክቱን ራሷ እንድትመርጥ ጠየቅኳት። ወንዙን ዕድሜዋን ሙሉ አይታዋለች። ድልድዩ እግር ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ውሃው እሱን ሲሸፍነው ወደ ላይኛው አገር ብዙ ዘንቧል ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ተስማማን። ማስጠንቀቂያ ተልኮ ድንጋዩ ከተሸፈነ ትወጣለች። ማስጠንቀቂያው ከመሸ ከመጣ ድንጋዩን ማየት ስለማይቻል እሱን አንጠብቅም፤ እኔ ጋ ታድራለች። ጎርፉ ቢቀርም አንድ ምሽት አብረን አደርን ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ትክክለኛው ምክንያት የወጣው። ድመቷ። ያቺን ድመት ጥላ እንደማትሄድ በግልጽ ነገረችኝ። መያዣ ሳጥን ገዛንላት። ድመቷ እንድትለምደው ሳጥኑ ክፍት ሆኖ ሳሎን ተቀምጧል፤ አሁን ውስጡ መተኛት ጀምራለች።

የመጨረሻውን ነጥብ የጨመረችው ራሷ ናት። ከጎኗ ያሉት አዛውንት ጆሯቸው አይሰማም፤ የስልክ ማስጠንቀቂያ ቢጮህም አያውቁትም። መለዋወጫ ቁልፋቸው እሷ ጋ ነው። «ሳልቀሰቅሳቸው አልሄድም፤ ለመልበስም ጊዜ ይፈልጋሉ» አለች። የመውጫውን ሰዓት ለእሳቸው ስንል በግማሽ ሰዓት ቀደም አደረግነው።